የገባበት ያርፋል

ጥቅምት 12

ይድረስ ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የምጠይቀው ለሥርዓቱ ያህል ነው፤ ደህና መሆንዎን ወረቀትዎ ራሱ ይናገራል። ወፍራም፣ ነጭ፣ ግርጌው ላይ የመሸጫ አዳራሹ ሥዕል በብርማ ቀለም። እኔም ደህና ነኝ።

ለጠየቁኝ በየተራው ልመልስ። አዎን፣ የጃፓኖቹን ቋንቋ አልረሳሁም፤ እንጀራዬ እሱ ነው። የውሃ ፓምፕ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ የስፌት መኪና መመሪያ እተረጉማለሁ። አዎን፣ መኪናዎቹን ማስመጣት የጀመሩበትን ሃያኛ ዓመት የሚያከብረውን መጽሐፍ መጻፍ እችላለሁ። የኩባንያው ታሪክ ይቀድማል፣ የደንበኞችዎ ገጠመኝ ይከተላል፤ ሁለቱም በሁለቱም ቋንቋ። እንግዶቹ ከጃፓን ሲመጡ በሁለት እጅዎ ያቀርቡላቸዋል። «ከአንቺ በቀር የሚችለው የለም» ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ከቤት ያስወጡኝ ቀን «ከአንቺ በቀር ያዋረደኝ የለም» ነበር ያሉት። እድገት ነው።

ያንን ቀን በደብዳቤዎ «አለመግባባት» ብለውታል። አባቴ፣ እኛ እኮ በሚገባ ተግባብተን ነው የተለያየነው። አዋላጇ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ፣ ለራሷ አንድ ጥሩ ነገር አማራትና ብርማዋን መኪና ከእርስዎ ገዛች። ጎርፍ ውጧት የከረመች መኪና መሆኗን እርስዎ ያውቁ ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር መኪናው ውስጥ ጭቃ ጭቃ ሲሸታት ተመልሳ መጣች። እርስዎም ፈገግ ብለው «ያኔውኑ ነግሬሻለሁ እኮ፣ ውስጧ ድረስ ታጥባ የመጣች ናት» አሏት። ውሸት አልነበረም! እርስዎ ዋሽተው አያውቁም። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ይመርጡና አንዱን ትርጉም ለገዢው፣ ሌላውን ለኅሊናዎ ያስቀምጣሉ። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ «በወንዝ ነው የታጠበችው፣ እትዬ» አልኳት። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ዛሬም ብትመጣ እደግመዋለሁ።

ስለ ክፍያ ያነሱትን ይተውት። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ መጥቼ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ዘበኛው «ትእዛዝ ነው፣ እህቴ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። እናቴ ፎቅ ላይ መጋረጃውን በደህናው እጇ ገለጥ አደረገችው። ከዚያ መጋረጃው ተመለሰ። ማን እንደመለሰው አልጠይቅም። ስልክ ብደውል የሚያነሱት እርስዎ ነዎት፤ ቢሰጧትም እንኳ በሽታው አንደበቷን ከያዘው ወዲህ የምሰማው ትንፋሿን ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋዬ ይህ ነው፦ መጽሐፉን ስጨርስ በሩ ይከፈትልኝና ከእናቴ አልጋ አጠገብ ልቀመጥ። እስከፈለግሁ ድረስ።

ልጅዎ


ጥቅምት 25

ለልጄ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ «እርስዎ» የሆንኩብሽ? ደብዳቤሽን ሳነብ የግብር መሥሪያ ቤት የጻፈልኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። በአንድ ሳህን የበላን ሰዎች ነን።

ዋጋሽን ተቀብያለሁ። መጽሐፉ ሲያልቅ በሩ ይከፈታል። ከዚያ በፊት ግን አይሆንም፤ አንቺ ከመጣሽ ቤቱ ይናወጣል፣ ሐኪሙ ደግሞ ለእናትሽ ያዘዘው እረፍት ነው። እንቅልፍ የላትም። በደህናው እጇ የአልጋውን ብረት ትመታለች፤ ምን እንደምትፈልግ ግን አይገባንም።

ለመጽሐፉ ርእስ አትድከሚ፤ ሃያ ዓመት ሕንፃው ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ይበቃናል። ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ያኔ ገና ተማሪ ነበርሽ። «አባዬ፣ ‹የገባበት ያርፋል› በል» አልሽኝ። ሁሉም ወደደው፤ አንቺ ግን አፍሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ለምን እንደሳቅሽ የገባኝ የቀብር አስፈጻሚው ሁለት መኪና ሊያዝ መጥቶ «ጌታው፣ ጽሑፉ የእኔን ሥራ ነው የሚያስተዋውቀው» ሲለኝ ነው። ተናድጄ ላወርደው ነበር። እናትሽ ናት «ተወው፣ ልጅቷ አዋቂ ናት» ያለችኝ።

አሁን እንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪና ጻፊ።

አባትሽ


ኅዳር 18

ይድረስ ለአባቴ፣

የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ልኬአለሁ። ይወዱታል ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ጽፌዋለሁ።

የታሪኩ መነሻ ንቀት ነው። ጃፓኖቹ ርካሽና ጠንካራ መኪና በመሥራት ይታወቁ ነበር፤ የቅንጦት መኪና እንሠራለን ሲሉ የድሮዎቹ የቅንጦት መኪና ጌቶች ሳቁባቸው። እነሱ አልመለሱም፤ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከመሐንዲሶቹ አንዱ ሥራው ማዳመጥ ብቻ ነበር። ባልደረቦቹ «ጆሮው» ይሉት ነበር። መኪናው እየተነዳ እሱ የኋላ ወንበር ላይ ይጋደምና ዓይኑን ይጨፍናል። «በግራ በኩል የምታንሾካሹክ ነገር አለች» ይላል። ይፈታታሉ፤ ምንም የለም። «አለች» ይላል። እንደገና ይፈታታሉ፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ብሎን ከጓደኞቿ ትንሽ ላልታ ትገኛለች። ጆሮው በእኛ ቤት አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ ምን ይሰማ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

አራተኛው ምዕራፍ ስለ ጥፋት ነው። መኪናው ለገበያ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት፣ የኋላ መብራት ሽቦ ላይ ስህተት ተገኘ። ያመለከቱት ባለቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዝም ቢባል ማንም አያውቅም ነበር። ኩባንያው ግን ደንበኞቹን ሁሉ በስማቸው እየጠራ «አጥፍተናል» አላቸው። ኑ አላሏቸውም፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው በየቤቱ ሄደው መኪናውን ወሰዱ፣ አስተካክለው፣ አጥበው፣ ነዳጅ ሞልተው መለሱ። ስማቸው የተተከለው በዚያን ጊዜ ነው። አባቴ፣ «ታጥቦ መጣ» ማለት ይህ ነው።

እናቴ የአልጋውን ብረት የምትመታው መስኮቱ እንዲከፈትላት ይሆናል። ዱሮም መስኮት ተዘግቶ መተኛት አትወድም። ይሞክሩት። ሞክረው ደግሞ ይጻፉልኝ፤ ስለ ርእሱ ያን ሁሉ ጽፈው ስለ እሷ ሁለት መስመር አይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 6

ለልጄ፣

መስኮቱን ከፈትነው። ብረቱን መምታት አቆመች። እናትሽን የምታውቂያት አንቺ ነሽ፣ ይሄን አልክድም።

ስለ «ጆሮው» የጻፍሽው ግሩም ነው፤ ለደንበኛዬ ለጥርስ ሐኪሙ አነበብኩለት፤ «ይሄ ሰው ከሚስቴ ጋር አንድ ቀን ቢውል ጆሮውን ደፍኖ ይወጣ ነበር» ብሎ ሳቀ። አራተኛው ምዕራፍ ግን ይውጣ። በሠርግ ቤት ለቅሶ አይነሳም። እንግዶቹ ፊት የድሮ ጥፋታቸውን ገልጠን ልናሳፍራቸው ነው? ደግሞ የማን ጥፋት ለማን እንደምትጽፊ አላጣሁትም። ውስጠ ወይራ ንግግር የተማርሽው ከእኔ ነው።

የደንበኞቹ ጽሑፎች ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። ጡረተኛው ዳኛ የእሱን ገና አልጨረሰም፤ ቃል በቃል እየመዘነ ነው፤ ሲጨርስ በቀጥታ ለአንቺ ይልካል። አዋላጇን አትጠይቂ።

እናትሽ አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ያንቺን ፎቶ ጠቆመች። ከግድግዳው አውርጄ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

አባትሽ


ታኅሣሥ 24

ይድረስ ለአባቴ፣

አራተኛው ምዕራፍ አይወጣም። እሱ ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ፤ መውጣት ለምጃለሁ። እንግዶቹ አያፍሩበትም፤ የሚኮሩበት እሱን ነው። ጥፋቱን የሚናገር ሰው ይፈርሳል ብለው የሚያምኑት እርስዎ ነዎት።

ጽሑፎቹን አነበብኩ። የጥርስ ሐኪሙ እውነት ተናጋሪ ነው፦ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ ደጃፍ ላይ በመኪናው ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል፤ የሰው ጥርስ ሲነቀል ያለው ጩኸት ከጆሮው እስኪወጣ ድረስ። የሽቶ ነጋዴዋ ደግሞ ሞተሩ መነሳቱ ስለማይሰማት ሁለቴ ታስነሳው ነበር፤ መካኒኩ «እመቤቴ፣ ይሄ መኪና አይጮህም፤ ይመኑት» አላት። «ባሌም አይጮህም፤ ስለዚህ ነው የማላምነው» ብላለች። አስገብቼዋለሁ።

አዋላጇንም ጠየቅኋት። አትጠይቂ ስላሉኝ ነው ትዝ ያለችኝ። የጻፈችልኝ ግማሽ ገጽ ነው፤ ስድብ የለበትም። ምጥ ይዟት ወደምትጠብቃት ሴት ስትሄድ፣ በዝናብ መሐል፣ ድልድይ ላይ መኪናው ጸጥ አለ፤ በሩም አልከፈት አላት። ሰው መስታወት ሰብሮ አወጣት። ስትደርስ ሕፃኑ ተወልዶ ነበር፤ የተቀበለው ግን አልነበረም። ከዚህ በላይ አልጻፈችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ፎቶዬን ጭኗ ላይ ስላስቀመጡላት አመሰግናለሁ። ከዚህ በኋላ ግን መታገሥ አልችልም። ጥር ሲጋመስ አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ መጽሐፉ አለቀም አላለቀም። ዘበኛው በር ቢዘጋብኝ አጥር እወጣለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ በቀጥታ ይመልሱልኝ፦ ሐኪሙ ያዘዘላትን እረፍት አገኘች? ሥቃዩ ተዋት? ወይስ አሁንም እንቅልፍ የላትም?

ልጅዎ


ጥር 9

ለልጄ፣

እናትሽ አርፋለች። ሥቃዩ ትቷታል። ከእንግዲህ ለመምጣት የምትቸኩይበት ምክንያት የለም፤ ሥራሽን ጨርሺ።

አራተኛው ምዕራፍ እንደፈለግሽው ይሁን። ሌላውንም አልከራከርሽም። ዓይኔ ደክሟል፤ የማተሚያ ቤቱን ሰዎች አንቺ የላክሽውን ሁሉ እንዲያትሙ አዝዣለሁ፤ እኔን መጠየቅ የለባቸውም። የመግቢያ ቃሌንም አንቺው ከደብዳቤዎቼ ቃርሚልኝ፤ አዲስ መጻፍ አልችልም።

አባትሽ


ጥር 21

አባዬ፣

ይኸው፣ «እርስዎ»ን ትቼዋለሁ። ደብዳቤህን ደረጃው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ከሥር ያለው የጫማ ጠጋኝ «ምን አገኘሽ?» እስኪለኝ ድረስ ስቄ ነበር። «እናቴ አረፈች» አልኩት። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። «አይ፣ አይ! ተኛች፣ እንቅልፍ አገኘች ማለቴ ነው» ብዬ ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ያ ቃል መቼም አይተወኝም።

አባዬ፣ ያለፈውን ሁሉ ረስቻለሁ ብዬ አልዋሽህም። ግን አንድ ሰው የሌላውን ሥቃይ ሌሊትና ቀን ተቀምጦ ካየ፣ የፈለገውን ያህል ቢያጠፋ፣ እዳው ይቀልለታል። እናቴን ስላሳረፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምልህ።

ልክ ነህ፣ አሁን መጥቼ ካገኘችው እንቅልፍ ልቀሰቅሳት አልፈልግም። አውቶቡሱን ትቼዋለሁ። መጽሐፉን ልጨርስና ተረጋግቼ እመጣለሁ። እስከዚያው ሹራብ ልኬላታለሁ፤ ራሴ የሠራሁት ነው፤ የግራ እጅጌው ሰፊ ነው፤ የታመመው እጇ ሳይጎተት እንዲገባ። አንገቷ ሥር ትራስ ስታደርግላት ከፍ አታድርገው። ስትነቃም «ልጅሽ መጽሐፍ እየጻፈች ነው» በላት። ካልገባት ድገምላት።

አንተም ተኛ። ደክሞህ እንደሆነ ከአጻጻፍህ አውቄአለሁ።

ልጅህ


የካቲት 10

ለልጄ፣

ሹራቡ ደርሷል። ከልብሶቿ ጋር አስቀምጬዋለሁ። እጅጌውን አየሁት።

እንግዶቹ ሚያዝያ መግቢያ ላይ ይደርሳሉ። ዳኛው ጨርሶ ልኮልሻል።

«አባዬ» ያልሽበትን ደብዳቤ አነበብኩት። ሌላ ምን ልበልሽ።

አባትሽ


የካቲት 29

ይድረስ ለአባቴ፣

መጽሐፉ አልቆ ማተሚያ ቤት ገብቷል። የዳኛው ጽሑፍ ደርሶኛል፤ ቃል ሳይጎድል የመጨረሻው ገጠመኝ ሆኖ ገብቷል። የመግቢያ ቃልዎንም እንዳዘዙኝ ከደብዳቤዎችዎ ወስጄዋለሁ፤ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ መልሱን በቶሎ ይላኩልኝ። እናቴ ዛሬስ እንዴት ናት?

ልጅዎ


መጋቢት 10

ለልጄ፣

እንደገና «እርስዎ» ሆንኩ? ምን በድዬሽ ነው?

እናትሽ እንዳለች ናት። ለውጥ የለም።

እንግዶቹ እስኪመለሱ ታገሺ። ከዚያ በኋላ በሩ ክፍት ነው።

አባትሽ


መጋቢት 28

ይድረስ ለአባቴ፣

ይህ ደብዳቤ የሚደርስዎ እንግዶቹ መጽሐፉን በተቀበሉ ማግስት እንዲሆን አድርጌ ነው የላክሁት። ስለዚህ ተረጋግተው ያንብቡት፤ የሚያስቆሙት ነገር የለም።

ዳኛው የጻፈው ይህ ነው፦

«የዚህን መኪና ጸጥታ በሚገባ ያወቅሁት በወዳጄ በአስመጪው ባለቤት ቀብር ላይ ነው። አስከሬኑ የተጫነው በትልቁ ጥቁር መኪና ነበር፤ እኛ ደንበኞቹ በየመኪናችን ተከተልን። ያ ሁሉ መኪና ሲንቀሳቀስ የአንዱም ሞተር አልተሰማም። በመንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች ቀብር መሆኑን ያወቁት ከአበባው ነው። መስኮቴን ዝቅ ሳደርግ የሰማሁት ከፊት ያለው የሣጥኑ መያዣ ቀለበት ሲንቀጫቀጭ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ክብር በሌላ መኪና አይገኝም። የእኔ ልጅ፣ አንቺ ባለመድረስሽ ሁላችንም አዝነናል። አባትሽን ስንጠይቀው ‹ሥራ ይዟታል› አለን። ፈጣሪ ያጽናሽ።»

እናቴ መሞቷን የነገረኝ የመኪና ማስታወቂያ ነው።

«ሥራ ይዟታል።» ውሸት የለበትም። «እንዳለች ናት፣ ለውጥ የለም።» ውሸት የለበትም። «ከልብሶቿ ጋር አስቀምጬዋለሁ።» እንዴት ዓይነት እውነተኛ ሰው ነዎት! የካቲት መጨረሻ ላይ እናቴ እንዴት ናት ብዬ የጠየቅሁት አውቄ ነው። አንዲት እውነተኛ ቃል ቢልኩልኝ ማተሚያ ቤቱን አስቆመው ነበር። መስኮት ከፈትኩልዎት፤ መልሰው ዘጉት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ አይደለም። እኔ ነኝ በዚያ ቃል ሰው ያሳቅሁት። ሕንፃዎ ላይ በሁለት ትርጉም የሰቀልኩትን ቃል ሰጡኝ፤ አላላመጥኩትም፤ ዋጥኩት። አመሰገንኩዎት! እሷ አፈር ለብሳ፣ እኔ የትራሷን ከፍታ አስተማርኩዎት።

አሁን ስለ ትርጉሙ ልንገርዎ፤ የሥራ ነገር ነውና ይወዱታል። በጃፓኖቹ ቋንቋ ማረፍና መሞት ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የእኛ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል፤ የእነሱ አይሸከምም። ተርጓሚ መምረጥ አለባት። የመግቢያ ቃልዎ የጥር ደብዳቤዎ ነው፤ ከሰላምታው እስከ ፊርማው። «እናትሽ አርፋለች፤ ሥራሽን ጨርሺ» የሚለው ላይ ስደርስ ትክክለኛውን መረጥኩ። ሞታለች ብዬ ጻፍኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወትዎ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ነገር ተናገሩ።

ቀጥሎ አዋላጇ አለች፤ «ውስጧ ድረስ ታጥባ የመጣች» የሚለውን «ጎርፍ ውጧት የከረመች» አልኩት። ከዚያ ሽፋኑ ላይ ደረስኩ። በሙያችን አንድ ሕግ አለ፤ የፓምፕ መመሪያም ቢሆን፦ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል፤ እዚህ እንዲህ፣ እዚያ እንዲያ አይባልም። «የገባበት ያርፋል።» ሕጉን አከበርኩ። በሁለት እጅዎ፣ አንገትዎን ዝቅ አድርገው ለእንግዶቹ ያቀረቡት መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ፣ በእነሱ ቋንቋ፣ በወርቅ ቀለም፣ «የገባበት ይሞታል» ይላል።

ልጅዎ


ሚያዝያ 11

ለልጄ፣

መጽሐፉን እንደሰጠኋቸው ሽፋኑን አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ የተደነቁ መስሎኝ ሣቅሁላቸው። ከሦስቱ እንግዶች ሽማግሌው መግቢያውን ቆሞ አነበበው። ከዚያ የእናትሽ ፎቶ የት እንዳለ በአስተርጓሚው ጠየቀኝ፤ ጽሕፈት ቤቴ አስገባኋቸው። ሦስቱም ለፎቶው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ለእኔ አልነሡም። እራት አልቀመሱም። መኪናቸውን የምሸጥበት ውክልና ተነሥቶብኛል፤ ሕንፃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ዛሬ ጠዋት ሠራተኞች መሰላል ይዘው ሲያወርዱ በመስኮት አየሁ። አዋላጇን ሄደው አነጋግረዋት መኪናዋን ራሳቸው ወስደዋል፤ በምትኩ ሌላ ሰጥተዋታል። እንደ አራተኛው ምዕራፍሽ።

ልከራከርሽ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፤ ሁለት ትርጉም የለውም። ጥር ላይ ለመጽሐፉ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ እሱን አልክድም። ከዚያ ግን «አባዬ» ያልሽበት ደብዳቤ መጣ። እሱን ካነበብኩ በኋላ ቃሉን ማውጣት አቃተኝ። እናትሽ ከሌለች ለእኔ የምትጽፊበት ምን ምክንያት አለሽ? ደብዳቤው አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው፤ በእጥፋቱ በኩል ተቀዷል። አንድ ደብዳቤ ብቻ ተጨማሪ ይምጣ፣ ከዚያ እነግራታለሁ እያልኩ ቆየሁ። ወዲያው «እርስዎ» ብለሽ ጻፍሽ፤ ያኔ ማወቅሽን ጠረጠርኩ። ፈራሁ።

መጀመሪያ የጻፍሽልኝን፣ የክረምቱን ነገር ልመልስ። መጋረጃውን የመለስኩት እኔ ነኝ።

ቤቱ ባዶ ነው። መሽቶ እስኪነጋ የማልሰማው ነገር የለም። ዘበኛውን በሩን እንዳይዘጋ አዝዣለሁ፤ ቀንም ሌትም ክፍት ነው። ነይ። እንደፈለግሽ ስደቢኝ፤ ግን ነይ። ደክሞኛል፣ ልጄ።

አባትሽ


ሚያዝያ 23

ይድረስ ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለት ትርጉም ፈለግሁበት፤ አጣሁበት። እንዲህ መጻፍ ይችሉ እንደነበር ባውቅ ጥሩ ነበር።

የጠየቁኝን ልመልስ። ሹራቡን ለአዋላጇ ይስጡልኝ፤ የግራ እጅጌው ይሰፋታል፣ ትርፉን ታጥፈዋለች። ፎቶዬን ወደ ግድግዳው መልሰውት ከሆነ ያውርዱትና ከእናቴ ልብሶች ጋር ያስቀምጡት። የተቀደደብዎትን ደብዳቤ አይጠግኑት፤ የጻፈችው ልጅ የለችም። በሩንም ያስዘጉት፤ ብርድ ይገባብዎታል።

ደክሞኛል ብለዋል። በሚገባ ገብቶኛል። ሐኪሙ ለእናቴ ያዘዘው ለእርስዎም ይስማማዎታል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደሚመክሩኝ ልምከርዎ፤ አርፈው ይቀመጡ።

መምጣቱንስ አልቀርም። ሲያርፉ እመጣለሁ።

ልጅዎ